በማይነሣው የእህል መኪና ላይ ስለተቀመጠው አውጫጭኝ

የካቲት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች አድማሴ
የእርዳታ እህል አከፋፋይ ሹም
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ከልጅዎ ሠርግ ወዲህ ወፈር ብለዋል ሲባል ሰምተን፣ በዚህ ዘመን የሚወፍር ሰው ባገራችን መገኘቱ ራሱ ተስፋ ነውና፣ እስላሙ በዱዓ ክርስቲያኑ በጸሎት አመስግነናል።

እኔ የገበያው ወፍጮ ሞተረኛ ውበቱ ነኝ። የሚፈጭ ከጠፋ ወዲህ ሥራ ስለፈታሁ፣ ለከላላ ሕዝብ የተላከውን እህል እንደጫነ በግቢዎ ሃያ ሦስት ቀን ስለቆመው የጭነት መኪና የታዘብኩትን በአክብሮት እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ ሞተሩ አልነሣ ሲል ካንዴላው ተቃጥሏል ብለው ደሴ ድረስ መልእክተኛ ስለላኩልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ካንዴላ የቤንዚን ሞተር እሳት መጫሪያ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ኖሮት አያውቅም። መልእክተኛው ግን በዘጠኝ ቀኑ ባዶ እጁን ተመልሶ ደሴ ደኅና መሆኗን ነግሮናል።

፪ኛ/ ቀጥሎ ጠበል አስረጩት። ይህንንስ አልነቅፍም፤ ሞተሩም አልተቀየመም።

፫ኛ/ በመጨረሻ መኪናውን ያበላሸ እጅ አለ ብለው አውጫጭኝ ጠሩ። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ከጉባኤው ንቅንቅ አይልምና፣ እህላችን የት ደረሰ ብለው ከከላላ በእግራቸው የመጡት ረሃብተኞች ሳይቀሩ ሦስት ቀን በዘበኛ ተከበው መኪናው ሥር ተቀመጡ። ጆንያው ከራሳቸው በላይ ነበር። ለከላላ ተብሎ የተጻፈ እህል መካነ ሰላም ላይ አይፈታም በማለት ደንብ ስላስከበሩ ልናመሰግንዎ ይገባል።

ታላቅ እህቴ አልታዬ ከከላላዎቹ አንዷ ነበረች። በሁለተኛው ቀን የኋላ ጎማውን እንደተደገፈች ሞተች። እስከዚህ ድረስ በትሕትና ጽፌያለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ትሕትናው አልመጣልኝም። እጠላዎታለሁ።

፬ኛ/ ለቀብር ብቻ ተፈቅዶልኝ እሷን ቀብሬ ስመለስ የመኪናውን የናፍጣ ማጠራቀሚያ ክዳን ከፍቼ እንጨት ሰደድኩበት፤ ደርቆ ወጣ። ናፍጣው የልጅዎን የሠርግ ዳስ ሲያበራ ለሰነበተው ጄኔሬተር መቀዳቱን የቀዱት ራሳቸው ነገሩኝ። የወፍጮዬን የመጨረሻ ጀሪካን ገልብጬ፣ ከቧንቧው አየር አስወጥቼ ብሞክረው ባንድ ጊዜ ተነሣ። ሹፌሩም ዛሬ ጧት ሳያስፈቅድዎ ወደ ከላላ ነድቷል። ለዚህ ድፍረታችን ይቅርታዎን አንለምንም።

ለጤናዎ ከማንም በላይ የሚሳሳ፣ ፍርድ ሳያዩ እንዳይሞቱበት ዕድሜዎን ከፈጣሪ የሚለምን፣
ውበቱ ያለው

ማሳሰቢያ፦ ባገራችን ልማድ ከአውጫጭኝ የቀረ ሰው በጥፋቱ ይጠረጠራል። ስም ሲጠራ ቄሱም ሼኩም አቤት ብለዋል፤ እህቴም እስክትሞት ድረስ አቤት ብላለች። ሦስቱንም ቀን የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሽማግሌዎቹ ጉባኤው አልተበተነም ይላሉ፤ በመጪው ገበያ ቀን እንጠብቅዎታለን።