የደበቅሁብዎት የሳንባ ፎቶ

አባዬ፣ ደብዳቤ ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ከተለዩን አራት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ለእርስዎ ግን ጤና ጠይቄ መጀመር አፈርኩ። ይህችንም የጻፍኳት ሦስቴ ተቀምጬ ሦስቴ ተነስቼ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ቀይዋ ላም ሁለቴ ወልዳለች። ታናሽ እህቴ የሺ አግብታ ልጅ ታቅፋለች፤ አፍንጫው ቁርጥ እርስዎን ነው። እማዬ ደህና ናት፤ ከእርስዎ ጋር ግን እስከ ሰሞኑ እንደተጣላች ነበረች። የምጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

እኔ ያው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ማንሳቱ ላይ ነኝ። ያኔ እርስዎን ያከመው ሐኪም በወረርሽኙ ጊዜ ተኝተው የታከሙትን ሰዎች የደረት ፎቶ፣ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው፣ ላወዳድር ብሎ እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ስማቸው ተሰርዞ ቁጥር ብቻ ነው የቀረው። ጤነኛ ሳንባ በፎቶ ላይ ጥቁር ነው፤ በሽታ የነካው ይነጣል። በመጀመሪያው ዙር የገቡት ብዙዎቹ ከግርጌ፣ ጠርዝ ጠርዙን ነበር የነጡት። እርስዎ በታመሙበት ዙር ነጩ ወደ መሃል ገፍቷል። መጨረሻ ላይ የመጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ የታመሙም አይመስሉ። ሐኪሙ ክትባቱም ይሆናል፣ የበሽታው መለወጥም ይሆናል እያለ ሲያስረዳኝ፣ እኔ አንዱ ፎቶ ላይ ደርሼ መስማት አቆምኩ። በሬ የረገጠዎት ጎድን እንደተጣመመ እዚያው አለ። ስም ቢሰርዙት ምን ዋጋ አለው!

ያን ቀን ያነሳሁዎት እኔ ነኝ፤ ነጩንም ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ኮሮና መሆኑን፣ ከአልጋም መውረድ እንደሌለብዎት ሊነግርዎት ሲነሳ፣ አባቴ ናቸው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ ብዬ አስቀረሁት። በእኛ አገር ለታመመ ሰው ሕመሙ በፊቱ አይነገርም፤ የሚነግር ሰው ጨካኝ ይባላል። ብርድ ነው አልኩዎት። ከራስ እስከ እግራቸው የተሸፈኑትን ነርሶች አይተው፣ እነዚህ ሰዎች እንደ ሬሳ የተገነዙት ለምንድን ነው ብለው ሲቀልዱ፣ ዘንድሮ ለሁሉም እንዲህ ነው ብዬ አብሬዎት ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጉንደ ወይን ያሉት ባልንጀራዎ ማረፋቸውን ሰሙ። ለብርድ ብሎ ለቅሶ የሚቀር ምን ሰው ይባላል አሉ! ጋቢዎን ደርበው፣ ማንንም ሳይሰሙ ከሆስፒታሉ ወጡ። በማግስቱ ሲመለሱ ትንፋሽ አጥሮዎት ነበር። ሁለተኛውን ፎቶ ሳነሳ ጥቁር የቀረ ቦታ በጭንቅ ነው ያየሁት። ሁለት ቀንም አልቆዩልን። ባይሄዱስ ይተርፉ ነበር? ሐኪሙ አይታወቅም ይለኛል። ለቅሶው ላይ አጠገብዎ የተቀመጡትስ? ፈርቼ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

እማዬ ግን ገና ከቀብር ስንመለስ ፈረደች። ሐኪም ተኛ ያለውን ሰው ግትርነቱ ገደለው አለች። ተነግሮዎት አሻፈረኝ ያሉ መስሏታል። እኔም ዝም አልኩ። ይኸው እስከ ሰሞኑ ስምዎ በተነሳ ቁጥር ያ ግትር ትል ነበር፤ በሙት ዓመትዎ እንኳ ለቄሱ እንዲያ ብላ ስታወራ እኔ እዚያው ቆሜ ጠላ እቀዳ ነበር።

ፎቶውን ካየሁ ወዲያ ደብቄ መኖር አልቻልኩም። ባለፈው እሁድ፣ ተዘግቶ የከረመው መንገድ ሲከፈት፣ ደብረ ኤልያስ እማዬ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ትረግመኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ወጣች፤ እንዳልከተላትም በእጇ ከለከለችኝ። ጎረቤቱ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ተነስቶ ተከተላት። ምን ብላ እንዳለቀሰች የነገሩኝ እነሱ ናቸው። አንተ ሰው ይቅር በለኝ፣ ቢነግሩህማ ትሰማ ነበር አለች አሉ።

እኔን እስካሁን አላነጋገረችኝም፤ እውነቷን ነው። አባዬ፣ ከእንግዲህ በዝክርም ይሁን በለቅሶ፣ ስምዎ በተነሳበት ሁሉ ተነስቼ እናገራለሁ፦ አባቴ ግትር አልነበሩም፤ ልጃቸውን አምነው ነው የሄዱት።