ቀድሞ የሚጫን አውራ ጣት

ግንቦት 4

መብራት ከጠዋት ጀምሮ አለ። ምን ታይቷቸው ነው? እንዳይሄድብኝ ፈርቼ ምሳ ሳልበላ የማንጎውን ዛፍ ሥዬ ጨረስኩ። ቅጠል በቅጠል። አንዱ ቅጠል ላይ ጉንዳን ሳይቀር አለ። ማን ያየዋል? እኔ አየዋለሁ።

የስልክ ጌማችን አሁን ጌም መሰለ። ዐርዋ የምትባለው ልጅ የሸመል በትሯን ይዛ ከመንደር ትወጣለች፣ ዝንጀሮዎቹን እያባረረች ማሳውን ታቋርጣለች፣ ከዚያ ዳቡስ ወንዝ ላይ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች ከአዞዎቹ ታመልጣለች። ውሃው ላይ ፀሐይ ስታርፍበት... ራሴ የሣልኩት መሆኑን እረሳለሁ።

ስዕሉ የኔ፣ እንቅስቃሴው የሐመድ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ከገባን ጀምሮ እንዲህ ነን። እሱ ዛሬም ያችኑ ነገር ደገማት።

«ሰብለ፣ ስዕሉ ከባድ ነው። በተን ትነካለህ፣ ልጅቷ ትቆያለች። ስልኩ ይደክማል።»

«የኔ ስልክ ላይ ደህና ነው።»

«ያንተ ስልክ ትልቅ ነው። የሰው ስልክ እንደዚህ አይደለም።»

አፉን የፈታው በበርታ ቋንቋ ነው፤ ሲቸኩል «አንተ» እና «አንቺ» ይምታቱበታል። ብዙ ጊዜ አሾፍበታለሁ። ዛሬም አሾፍኩበት፣ ወሬውም በዚያው ተረሳ።

ግንቦት 6

እውነቱን ለመጻፍ... የኔም ስልክ ላይ ይዘገያል። ወንድሜ ምንይችል ከአዲስ አበባ የላከልኝ፣ ጉልበት ያለው ስልክ ነው፤ ያም ሆኖ ትንሽ ይዘገያል። ግን መላ አግኝቻለሁ። ዐርዋ የድንጋዩ ጫፍ እስክትደርስ አልጠብቅም። ሁለት እርምጃ ሲቀራት እጫናለሁ፣ ጫፍ ስትደርስ ትዘላለች። አውራ ጣቴ ለምዶታል። አሁንማ ሳላስበው ነው።

«ሌላ ሰው ይህን አያውቅም» አለ ሐመድ።

«ይለምደዋላ!»

«አንድ ሳምንት ስጪኝ። ቅጠሉን ልቀንስ።»

«ቅጠሌን ከምትቆርጥ ጣቴን ቁረጥ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም።

ግንቦት 11

ሐመድ የወጣቶች ማዕከሉ ውስጥ ለኮምፒውተር አስተማሪነት አመልክቷል። የሚመርጡት አቶ ኪዳኔ ናቸው። ሐሙስ የሚከፈተውን የፈጠራ ሥራ ዐውደ ርዕይም የሚዳኙት እሳቸው። «ጌሙን ያያሉ፣ ሥራዬን ያውቃሉ» ይላል። ፀጉሩን ተቆርጦ መጣ። ለአረፋ እንኳ እንዲህ አያምርበትም!

ግንቦት 14

ዛሬ አልጽፍም።

ግንቦት 15

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ታሪክ አደርገዋለሁ። ራሴን አውቃታለሁ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጌሙን የማዕከሉ ታብሌት ላይ ጫንን። አሮጌ ነው፤ የኔን ስልክ ግማሽ እንኳ አይሆንም። መጀመሪያ ሰው ስዕሉን አይቶ ጮኸ። «ይሄ እኮ የኛ ማንጎ ነው! ዳቡስን እዩት!» እኔ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ከዚያ አቶ ኪዳኔ መነጽራቸውን አድርገው ታብሌቱን ተቀበሉ።

ዝንጀሮዎቹን እንደምንም አለፏቸው። ወንዙ ላይ ደረሱ። ተጫኑ። ዐርዋ ቆመች... አሰበች... እግሯ ውሃ ከነካ በኋላ ዘለለች። አዞ። እንደገና ተጫኑ። አዞ። ሦስተኛም አዞ። ከኋላ አንዱ «ኧረ አዞው ጠገበ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ኪዳኔ መነጽራቸውን አወለቁ። «ምነው ልጅቷ አልታዘዝ አለች? ይሄን በተን የሠራው ማነው?»

እኔም፦ «ሐመድ ነው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ቶሎ። ጥያቄው ሳያልቅ ማለት ይቻላል።

ውሸት አለበት? የለበትም። በተኑን የሠራው ሐመድ ነው። ግን በተኑን ያዘገየው የኔ ቅጠል ነው። አውቅ ነበር። ስንቴ ነግሮኝ?

ሐመድ አየኝ። ከዚያ ወደሳቸው ዞረ። «ስዕሉ...» አለና አማርኛው ጠፋበት። ሰው ሁሉ አፉን እያየ ነው። «ስዕሉ...» አለ ደግሞ። ቀጠልኩለት? አልቀጠልኩለትም። አቶ ኪዳኔ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ፣ ገና ትለማመዳለህ።» ወደ እኔ ዞሩና፦ «ስዕሉ ግን... እጅሽ ይባረክ!»

የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። የኔ ስም ብቻ ያለበት። እጅ ነስቼ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። በሁለት እጄ!

ስወጣ ሐመድ አልነበረም።

ግንቦት 17

አባባ ከገጠሩ የሰፈራ አምባ መጣ፣ አንድ ጆንያ ማንጎ አሸክሞ። የምስክር ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ደብቄው ነበር፤ ምንይችል ከሰው ሰምቶ በስልክ ነግሮት ኖሮ ፈልጎ አወጣው። ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ቆሞ አየው። ፊደል በደንብ አያነብም፣ ማኅተሙን ነው የሚያየው።

«ታረቀኝ ልጅ ወለደ በሉ እንግዲህ!» አለ፣ የራሱን ስም ጠርቶ። «የሐመድስ ወረቀት የታለ?»

«እሱ... አልመጣለትም።»

«እንዴት አባቱ? አብራችሁ አይደል እንዴ የምትደክሙ?»

ማንጎ መላጥ ጀመርኩ። አምስት ላጥኩ። አንዱንም አልበላሁም።

ግንቦት 21

መነን ማዕከሉ ውስጥ ጸሐፊ ናት። ዛሬ ገበያ ላይ አገኘኋት። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። አቶ ኪዳኔ የሐመድን ማመልከቻ ወደ ታች አውርደውታል። «ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁ ግን ገና ነው» ብለው። የሚፈረመው ገና ነው አለች። ጊዜ አለ ማለት ነው።

ነገ እሄዳለሁ።

ግንቦት 22

አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል።

ግንቦት 25

እስከ በሩ ሄጄ ነበር። ዘበኛው «ለማን ነው?» አለኝ። «ተሳስቼ ነው» አልኩት። ለየትኛው መሳሳት ነው ያልኩት? እንጃ።

ሐመድ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ጌሙን ከፍቼ ወንዙን ተሻገርኩ። ሁለት እርምጃ ሲቀራት እየተጫንኩ። አንዴም አልወደቅኩም። አስጠላኝ።

ግንቦት 29

አረፋ።

በየዓመቱ ዛሬ እነሐመድ ቤት ነኝ። እናቱ እማማ ሳሊማ ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ ለኔ ብለው ጣፋጩን ሙሸበክ ለብቻ ያስቀምጣሉ። ዘንድሮ በምን ፊቴ?

ከሰዓት በር ተንኳኳ። ራሳቸው ናቸው! አዲስ የሽፎን ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሙሸበኩን በሳህን ይዘው፣ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው መጥተው።

«ሰብለ! ለምን አልመጣህም? አሞህ ነው?» እማማ ሳሊማ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ አፍ ነው የሚጠሩት።

«ትንሽ... አሞኝ ነበር።»

«ወላሂ ሐመድን ጠየቅሁ። ‹ሥራ በዝቶ ነው› አለ። ሥራ ለአረፋ ይበዛል? ብላ፣ ብላ። ከስቷል አንተ።»

አልነገራቸውም! ሁለት ሳምንት ሙሉ ለእናቱ እንኳ አልተነፈሰም። «ሥራ በዝቶባት ነው» ብሎ ሸፈነኝ። ሙሸበኩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እሳቸው ውሃ ሰጡኝና ጀርባዬን መቱልኝ። አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

ግንቦት 30

አባባ ጋ አምባ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት።

«አበስኩ ገበርኩ! ያውም ከነሐመድ ቤት! እኛ ከወሎ ተጭነን መጥተን እዚህ ስንራገፍ፣ የሚበላውን ከማይበላው የለየልን የሐመድ አያት፣ ሼህ ብኸይታ ነው። ይሄን ማንጎ ማን የተከለው ይመስልሻል?» ከዚያ ተረጋጋ። «በቃ፣ ሽማግሌ እንልካለን። እኔና ሁለት ሰው ሆነን እንሄዳለን። ይቅር ለእግዜር ይባላል፣ ያልቃል።»

ደስ አለኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ደስ አለኝ። ስመለስ መኪና ውስጥ ነው የገባኝ። ሽማግሌ እኔንና ሐመድን ያስታርቃል። አቶ ኪዳኔስ? እሳቸው ጋ የሐመድ እጅ «ገና» ሆኖ ይቀራል። ሽማግሌዎቹ ፊት አንገቴን ደፍቼ ቁጭ እላለሁ፣ እነሱ ይናገሩልኛል። እኔ ቃል አልተነፍስም። በዚህስ ጎበዝ ነኝ...

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የኔ ወለምታ እንኳ አይደለም።

ሰኔ 2

ሄድኩ። ዘበኛው «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለአቶ ኪዳኔ» አልኩ።

ቆሜ ተናገርኩ። ስዕሉን እኔ እንዳከበድኩት። ሐመድ ደጋግሞ እንደነገረኝ። አንድ ሳምንት ለምኖኝ እንደከለከልኩት። በሌላ ሰው እጅ እንደሚዘገይ እያወቅኩ እንዳመጣሁት። የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። አባባ የለጠፈበት ፕላስተር ጫፉ ላይ አለ።

እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ከዚያ «ታዲያ ያን ቀን አፍሽ የት ነበር?» አሉ።

ወረቀቱን ወደሳቸው ገፋ አደረግኩት።

«ለቦታው ሮብ ዕለት ሌላ ሰው ፈርመናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ...»

ሮብ! ግንቦት 27። እኔ ከበሩ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን። አውራ ጣቴ ጌሙ ላይ ሁለት እርምጃ ቀድሞ መጫን ያውቅበታል። እዚህ ላይ ግን ዐርዋ ሆንኩ፤ ውሃ ከገባሁ በኋላ ዘለልኩ።

ወረቀቱን መልሰው አልሰጡኝም። አልለመንኩም።

ሰኔ 3

እነሐመድ ቤት። ሽማግሌ የለም፣ አባባም የለም። እማማ ሳሊማ ፊት ነገርኩት። እሳቸውም ይወቁ ብዬ ነው። ሙሸበክ ያጎረሱትን ሰው ይወቁት።

ሥራው ለሌላ እንደተሰጠ ሰምቷል።

«ያን ቀን አማርኛ ጠፋኝ» አለ።

«እኔ ግን አልጠፋኝም ነበር።»

«አዎ» አለ። «እሱ ነው ያመመኝ።»

እማማ ሳሊማ በበርታ አንድ ነገር ጠየቁት። መለሰላቸው። ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፣ አልተመለሱም። አለቀስኩ። ሐመድ አላባበለኝም፣ ልክ ነው።

ስወጣ «አባቴ ሽማግሌ ልላክ ብሎ ነበር» አልኩት።

«ሽማግሌ አትላክ። ቅጠል ቁረጥ።»

ሰኔ 12

እየቆረጥኩ ነው። ማንጎው ከአራት መቶ ቅጠል ወደ ሠላሳ። ጉንዳኑ ሄደ። የውሃው ላይ ፀሐይ ሄደ። ሐመድ ሥራ ለሥራ ብቻ ነው የሚያወራኝ። ፋይል ይልካል፣ እልካለሁ። «እሺ።» «ደርሷል።» አላሾፍበትም።

ሰኔ 22

ዛሬ እማማ ሳሊማ ራሳቸው አስጠሩኝ። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልካቸው ላይ ሐመድ አዲሱን ጌም ጭኗል። በር ላይ አየት አደረጉኝና «ግባ» አሉ። እንደ ወትሮው አልሳሙኝም። ሻይ ግን ቀዱልኝ።

መጀመሪያ እሳቸው ተጫወቱ። በሕይወታቸው ጌም ነክተው አያውቁም። ዐርዋ የድንጋዩ ጫፍ ስትደርስ ይጫናሉ፣ ትዘላለች። ሲጫኑ ትዘላለች! በመጀመሪያው ሙከራ ዳቡስን ተሻገሩ። «ይሄ ቀላል ነው» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

ጀመርኩ። ማሳውን አለፍኩ። ወንዙ ላይ ደረስኩ። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ተጫንኩ። ዐርዋ ወዲያው ዘለለች፣ ድንጋዩ ሳይደርስ። አዞ። እንደገና። አዞ። ለጣቴ እየነገርኩት፣ «ቆይ፣ ቆይ» እያልኩት... አዞ።

እማማ ሳሊማ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ፊቴ ላይ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። «ምን ሆነ? በተን ተበላሸ?»

ሐመድ ወደ እኔ ዞረ። ልክ አዳራሹ ውስጥ እንዳየኝ አየኝ።

ጥያቄው አልቆ፣ ትንሽ ቆየሁ።

«በተኑ ደህና ነው፣ እማማ» አልኩ። «የሐመድ ሥራ ነው። የተበላሸው የኔ እጅ ነው።»

ሐመድ ሻዩን ፉት አለ። «ገና ትለማመዳለህ» አለኝ።