በኸዋጃው ግድግዳ ላይ ያለችው ማርያም

ጥር 9 ቀን 1977፣ ገዳሪፍ
ዛሬም ሙቀት። ዛሬም ዝርዝር። አራት መስቀልና አንድ የተሰበረ ክራር መዘገብኩ። ክራሩን «ደህና» ብዬ ልጽፍ ስል ኸዋጃው አየኝ። «አንዳርጋቸው፣ የተሰበረውን የተሰበረ በለው።» ስለ ክራሩ ይሁን ስለ ራሱ እንጃ...

ስሙ ካዚሚር ነው። እዚህ ግን ነጭ ሁሉ ኸዋጃ ነው። ፖላንድ ውስጥ የመስፍን ልጅ ነበር፤ ጫካ፣ ወፍጮ፣ ሥዕል የሞላው ቤት። ሥዕሉን ጦርነቱ ወሰደው፤ መሬቱን ከጦርነቱ በኋላ የመጣው መንግሥት። ሱዳን የውኃ ጉድጓድ ሊቆፍር መጥቶ ሠላሳ ዓመት ቀረ፤ ያገኘውን ጥንታዊ ዕቃ ሁሉ እየሰበሰበ። አባቴም ጎንደር ላይ ሁለት ጋሻ መሬት ተወርሶበታል። ስለዚህ እንግባባለን፤ እሱ በጫካው፣ እኔ በሁለት ጋሻዬ።

አውሮፓ ያለ አንድ ሙዝየም ስብስቡን ሊወስድ ተስማምቷል። አዳራሽ ይሰጡታል፣ በእናቱ ስም። እኔንም በመዝጋቢነት ይወስዱኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ የማርያም ሥዕል የግድ መኖር አለባት። ዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ ናት።

ኅዳር ላይ ነው የመጣችው። አባ ገብረ ሥላሴ ከጠለምት፣ ከረሃቡ፣ ሰዎቻቸውን መርተው ሲመጡ ተሸክመዋት ነበር። መራመድ ያቃታቸው ድንበር ላይ ቀሩ። ኸዋጃው ሎሪውን ሦስት ጊዜ ልኮ አስመጣቸው፤ በምትኩ ሥዕሏን ወሰደ። አስተርጓሚው እኔ። ውሉን ሁሉም ፈረመ፣ መጻፍ የማይችለውም በጣቱ።

ጥር 21
በጠዋት በር ተንኳኳ። ከመጠለያው ሠላሳ ሰው መጥቷል፣ ያችን ያለቀች ነጠላውን አጣፍቶ። ፊት ፊት ሣህሊቱ፤ ልጇ በሎሪው ሁለተኛ ጉዞ የመጣላት።
«ምነው፣ በደህና?»
«ዛሬ አስተርዮ ማርያም አይደለም እንዴ? ልንሳለማት ነዋ።»
«ሸጣችኋታል እኮ! አንቺም ፈርመሻል።»
«ሸጥናት እንጂ ተለየናት? ይልቅ ጋሼ፣ ጫማህን አውልቅ።»
አወለቅሁ። ኸዋጃውም በገዛ ሳሎኑ በካልሲ ቆመ። «ይህ ውሉ ላይ አለ?» አለኝ በጆሮዬ። የለም።

ጥር 30
በየቀኑ ይመጣሉ። ሣህሊቱ ዛሬ የሲጋራ መተርኮሻውን አንስታ ደጅ አስቀመጠችው። «ማርያም ፊት ትንባሆ አይጨስም በለው።» አልኩት። ወጥቶ ዛፍ ሥር አጨሰ። ሐኪሞች ሃያ ዓመት የለመኑትን እሷ በአንድ ጠዋት... በከፊልም ቢሆን።

የካቲት 4
ከሙዝየሙ ደብዳቤ መጣ። የመጨረሻውን ዝርዝር ላኩ ይላል። እሄዳለሁ። ስድስት ዓመት ስደት ይበቃል፤ ማንም አያስቀረኝም።

ማርያም እንደምትሄድ ለሣህሊቱ ነገርኳት። መደበቅ አስጠልቶኝ።
«የት ነው የምትሄድ?»
«ባሕር ማዶ። መስታወት ውስጥ፣ በዘበኛ ትጠበቃለች።»
«የሚሳለማትስ?»
«ሰው መጥቶ ያያታል።»
«ማየትማ ዝንብም ያያል።»

ትጣላኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልተጣላችኝም። አባ ገብረ ሥላሴም ነጠላቸውን ሰብስበው፦ «ልጄ፣ በሎሪው ሃያ ሰባት ነፍስ መጥቷል። ቃላችንን አናጥፍም» አሉ። ምነው በተጣሉኝ!

የካቲት 11
ኸዋጃውን ጠየቅሁት። ማርያም ከዝርዝሩ ትቅር ወይ?
 እሱም፦ «የእናቴን ሥዕሎች ፍለጋ ስንት አገር ዞርኩ። ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ በሕግ ገዝተናል አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። እኔም ይኸው በሕግ ገዛሁ።»
«ታዲያ?»
«ታዲያ አዳራሹን እፈልገዋለሁ። አትጠይቀኝ። ዝርዝሩን አንተ ጻፍ፣ እኔ እፈርማለሁ።»
ፈሪ! አልኩ በልቤ። መስፍን ሲፈራ እንኳ በጨዋ ደንብ ነው።
ግን እኔስ? ሻንጣ ገዝቻለሁ እኮ...

የካቲት 12
ቁጥር አንድን ሰረዝኩ።   ኸዋጃው ሳያነብ ፈረመ። ከዚያ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን ረጅም ጊዜ ጠረገ።

መጋቢት 2
ቴሌግራም። ያለ ማርያም አዳራሽ የለም። ቀሪውን ዕቃ ለመጋዘን ይቀበላሉ። መዝጋቢ አያስፈልግም።
«መጋዘንም ጣሪያ አለው» አለ ኸዋጃው። ወጥቶ ሁለት ሲጋራ አከታትሎ አጨሰ። እኔ የማላጨሰውም አንድ።

መጋቢት 20
ሣጥኖቹ ትናንት ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ። ማርያም መጠለያው ውስጥ ናት፣ ኸዋጃው መልሷት፤ የሣር ዳስ እየሠራንላት ነው። አሠሪያችን ሣህሊቱ። አንድ ነዶ ሣር ተሸክሜ ስደርስ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።
«ጋሼ፣ ይቺን ነው ስትጎትት የዋልክ? ፍየል ቢሆን መንገድ ላይ በልቶ ይጨርሳት ነበር።»
ኸዋጃው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ያስራል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ውረድ ቢሉት ዐረብኛው ድንገት ይጠፋዋል።
ጀርባዬ ተቃውሟል። አቤቱታውን አልተቀበልኩትም። ክረምት ሳይገባ እንከድነዋለን።