መሀሉ አርባ ስምንት አይደለም

ውድ እህት ዓለም፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይግባሽ፤ እጅሽ አላረጀም። የተሳሳተው አከፋፈሉ ነው። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ "ጋሼ፣ ደግሞ ትምህርት ጀመርክ!" ብለሽ ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ስለማይዘጋ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው እሑድ የሠራሽውን ጊታር ጠረጴዛዬ ላይ አጋድመሽ፣ "ማገዶ አድርገው። እጄ አርጅቷል፤ ቅዳሜ የአባባን ሥራ ቤት ከነመሣሪያዎቹ ሊከራይ ለጠየቀኝ በር ሠሪ አስረክቤ እገላገላለሁ" ብለሽኝ ወጣሽ። እኔም ማስመሪያ አወጣሁ። ክሩ ስድሳ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ግማሹ ላይ፣ ማለት ሠላሳ ሁለት ሲቀር፣ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይሰማል። እስከዚያ ያለውን በአሥራ ሁለት የብረት መስመሮች ከፋፍለሽዋል። ክፍተቶቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም እኩል ናቸው። አባባ ቢያይ "ጎሽ!" ይልሽ ነበር፤ መደርደሪያ ቢሆን ኖሮ።

ጆሮ ግን እንደ አናጺ አይከፍልም። የሚቀረው የክር ርዝመት በየመስመሩ በእኩል መጠን ሲቀንስ አይወድም፤ በእኩል እጅ፣ ማለት ከቀረው ላይ ሁልጊዜ ያው ክፍልፋይ፣ እንዲቀንስ ይፈልጋል። ስለዚህ ክፍተቶቹ እየጠበቡ መሄድ አለባቸው። ስድስተኛውን መስመር ተመልከቺ። አንቺ ስድሳ አራትንና ሠላሳ ሁለትን ደምረሽ ለሁለት አካፈልሽ፤ አርባ ስምንት መጣ። ይህ አሪትሜቲክ አማካይ ነው። እዚህ የሚሠራው ጂኦሜትሪክ አማካይ ነው፤ ሁለቱን አባዢና ከራሱ ጋር ሲባዛ ያንን የሚሰጠውን ቁጥር ፈልጊ። አርባ አምስት ከሩብ ግድም ነው። ጫፍና ጫፉ ልክ ሆኖ መሀሉ የሚያስቀይመው ለዚህ ነው።

በቁጥር ብቻ እንደማላሳምንሽ ስለማውቅ ጎረቤቴን፣ ጡረተኛውን የሙዚቃ አስተማሪ፣ ጠራሁት። ገና ሲነካካው ፊቱን አጨማደደ።

"ይኼን የሠራው ሰው ጆሮው ደህና ነው?"

"እህቴ ናት!"

"ይቅርታ... እንጨቱስ እንዴት ያምራል ባክህ!"

ክሩ ሥር፣ አርባ አምስት ከሩብ ሲቀር፣ እርሳስ አስገባሁ። እሱ በራሱ ጊታር ስድስተኛውን መስመር ያዘ፤ እኔ ያንቺን መታሁ። ሁለቱ አንድ ድምፅ ሆኑ።

"ለማገዶ ነው ያልከኝ? እንግዲያው እኔ ቤት ይንደድ" አለና አቀፈው። ከእጁ ያስለቀቅሁት በግድ ነው።

አካሉ ምንም አልሆነም። መስመሮቹ ያሉበትን የአንገቱን ፊት ብቻ ነቅለሽ በሌላ ተኪው። እያንዳንዱን ርዝመት ለአንድ ነጥብ ዜሮ አምስት ዘጠኝ አምስት ስታካፍይ ቀጣዩ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ስድሳ ነጥብ አራት ነው። የቀሩትን አልሠራልሽም።

አባባ ካለፈ ወዲህ፣ በሥራ ቤቱ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የመጋዝሽን ድምፅ ለመስማት ቆም እላለሁ። ነግሬሽ አላውቅም። በር ሠሪው ሲቆርጥ የምቆም አይመስለኝም።

ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ቶሎ መልሺልኝ፤ ሰባተኛው መስመር ስንት ላይ ያርፋል?

ወንድምሽ