አየር መንገዱ ዘመናቸውን ያልቆጠረላቸው የካፒቴን አጵሎስ ዘካሪያስ የሕይወት ታሪክ (1968–2018 ዓ.ም.)

ካፒቴን አጵሎስ ዘካሪያስ ከአባታቸው ከአቶ ዘካሪያስ ዳና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጌጤ ጎበና በኅዳር ወር 1968 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ በላንቴ ቀበሌ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬ፣ እናታቸው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የዝማሬ አገልጋይ ነበሩ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ላንቴ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ ከተማ ተከታትለው በ1987 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። ያን ጊዜ ከላንቴ ጎበዝ ተማሪ የሚጠበቀው መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ መሆን ነበር። ለአብራሪነት ሊፈተኑ መሆናቸው ሲሰማ እናታቸው ጾም ጸሎት ያዙ፤ እንዲያልፉ ሳይሆን እንዲወድቁ። እግዚአብሔር ግን የልጁን ጸሎት ሰማ።

አዲስ አበባ ሄደው የአብራሪነት ትምህርታቸውን በ1990 ዓ.ም. ፈጸሙ። ለተወሰኑ ዓመታት ዕቃ በሚያመላልሱ ትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሠሩ። በ1996 ዓ.ም.፣ ከሰሜን መጥተው በከተማችን በአርባ ምንጭ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት የመምህር ሸዋንዳኝ ልጅ ከሆኑት፣ እዚያው ሴቻ ሰፈር ተወልደው ካደጉት ከወ/ሮ ውቢት ሸዋንዳኝ ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን መሥርተው ሴት ልጃቸውን ኢየሩስንና ወንድ ልጃቸውን ሰሊሆምን አፍርተዋል።

በ1999 ዓ.ም. በዚህ ቅዱስ ጉባኤ ፊት ስሙን መጥራት የማንፈልገው አንድ የግል አየር መንገድ፣ ሃምሳ ሰው የሚይዙ አነስተኛ ጄቶችን ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ለማብረር ሲነሣ ካፒቴን አጵሎስን ቀጠረ። የተነገራቸው ግልጽ ነበር፤ “ለጥቂት ዓመት ትንሿን አብርር፣ ከዚያ ወደ ትልቋ ታድጋለህ።” በ2003 ዓ.ም. የካፒቴንነት ማዕረግ አገኙ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ትልቁ አውሮፕላን ለመዛወር በጠየቁ ቁጥር “ያንን አጭር ሜዳ፣ ያንን የተራራ ነፋስ አንተ ካልቻልከው ማን ይችለዋል?” እየተባሉ ተመለሱ። ያሠለጠኗቸው ወጣቶች አንድ በአንድ እያለፏቸው ወደ ትልልቆቹ ሄዱ። ሙገሳ ሰውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ ማሰሪያ ገመድ ሊሆን እንደሚችል እኛ ቤተሰቦቻቸው ያወቅነው ዘግይተን ነው። ወንድማችን ግን አላማረሩም። ከትንሽ ከተማ ታማሚ ይዘው አዲስ አበባ የደረሱበትን ቀን እንጂ ያጡትን ዕድገት ሲያወሩ ሰምተን አናውቅም።

በ2013 ዓ.ም. ድርጅቱ አነስተኛ ጄት ከእንግዲህ አያዋጣም ብሎ አውሮፕላኖቹን ሊሸጥ ወሰነ። ለአብራሪዎቹ የተሰጠው ምላሽ እስከ ዛሬ ያቃጥለናል፤ በትንሹ አውሮፕላን ላይ ያገለገሉበት ዘመን በትልቁ ላይ አይቆጠርም ተባለ። መሥራት የፈለገ ማዕረጉን ጥሎ በረዳትነት፣ ከወረፋው መጨረሻ እንዲጀምር። መንገደኛው በትንሹ ሲሳፈር ነፍሱ ግማሽ ነበረች? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይኼ ነው።

ነገሩ ላንቴ ሲሰማ ሽማግሌዎች በዱቡሻ፣ በአባቶች የፍርድ አደባባይ ተቀመጡ። የአባታቸው ታላቅ ወንድም አቶ ጢሞቴዎስ ሌሎች አባቶችን አስከትለው አዲስ አበባ ወጡ። በድርጅቱ ግቢ፣ እንደ ጋሞ ወግ፣ ርጥብ ሳር ይዘው በኃላፊው ፊት ተንበረከኩ። በእኛ አገር ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ የሚሄድ የለም፤ ሳሩን የተቀበለ ደግሞ ልመናውን ተቀብሏል፣ ነገሩ አልቋል። አቶ ጢሞቴዎስም ጥያቄያቸውን ራሳቸው በአማርኛ ተናገሩ፤ “ልጃችን የሠራው ዘመን ይቆጠር፣ ማዕረጉ አይውረድ፣ ሌላ ነገር አንፈልግም።” ኃላፊው እየሣቁ አነሷቸው፣ ሳሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አብረዋቸው ፎቶ ተነሡ።

አባቶች ደስ ብሏቸው ተመለሱ። “ተቀብሏል፣ አለቀ” ተብሎ በዱቡሻ ተነገረ፣ ተመረቀ። በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ ያለ አየር መንገድ ካፒቴን አጵሎስን ከነማዕረጋቸው ሊቀጥራቸው ጠይቆ መልሳቸውን ይጠብቅ ነበር። ወ/ሮ ውቢት “በጽሑፍ ይስጡን፣ አለበለዚያ ሂድ” አሉ። አባቶች ተቀየሙ፤ ሳር ከተቀበለ ሰው ወረቀት መጠየቅ ስድብ ነው አሉ። ካፒቴን አጵሎስ በሚስታቸውና በአባቶቻቸው መካከል ቆመው ከርመው፣ በመጨረሻ የውጭውን ሥራ አልፈልግም ብለው መለሱ። የአባቶቻቸውን ሳር ማዋረድ አልቻሉም።

ብዙ ሳይቆይ ውሳኔው እንደነበረ ጸና። ይባስ ብሎ በረዳትነት ለመጀመር እንኳ ዕድሜዎ አልፏል ተባሉ። ኃላፊው ሲጠየቁ “ሳሩ የባህል ስጦታ መስሎኝ ነው” አሉ። ይሁን፣ የሳሩን ትርጉም አላወቁም እንበል። ጆሮስ አልነበራቸውም? የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መሬት ላይ ተንበርክኮ በሚሰሙት ቋንቋ የለመናቸውን ምን መስሏቸው ነው ፎቶ የተነሡበት? እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ደግሞ “በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ” እያሉ ያላገጡ ነበሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ዛሬ ጥቁር ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ግን ነቅዟል፣ ስለዚህ ተናገርን።

ካፒቴን አጵሎስ ላንቴ ገብተው የአባታቸውን የሙዝ ማሳ ማልማት፣ በቤተ ክርስቲያንም ወጣቶችን ማስተማር ያዙ። በሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው አያዩም ነበር። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በጉበት ሕመም ተይዘው በአርባ ምንጭና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆዩ። አቶ ጢሞቴዎስ አልጋቸው ሥር ተቀምጠው “ልጄ፣ እኔ ነኝ አንተን መሬት ያስቀረሁ፣ እኔ ነኝ” ብለው ሲያለቅሱ፣ ወንድማችን እጃቸውን ይዘው “አባባ፣ እርስዎ ለእኔ ተንበርክከዋል። ከዚህ በላይ ማን ምን አደረገልኝ?” አሏቸው። ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ተሰብስበዋል።

እናታቸውን ወ/ሮ ጌጤን፣ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ውቢትን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ ወንድማቸውን ኤፍሬምን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ኢየሩስ ዘንድሮ ለአብራሪነት ተፈትና አልፋለች። የፈተኗት ሰዎች እርሷንም “ለጊዜው በትንሹ ትጀምሪያለሽ” ብለዋታል። አባቷ በሕመማቸው መካከል “ሂጂ” አሏት፤ እናቷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሆንም እንዳሉ ነበሩ። ዛሬ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ልጃቸውን ጠርተው፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ ትሂድ አሉ። ይህን ያሉት ተስፋ አግኝተው አይደለም። ተቆጥተው ነው።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታትን፣ በሰው ድካም ላይ ለሚፈርዱም ልብን ይስጥ። አሜን።