ጽዋው እኔ ጋ ሲደርስ

ጁን 17፣ ማክሰኞ፣ ከሥራ መልስ

ደግሞ መጣሁልሽ፣ ደብተሬ። ኮሜርስ ሲቲ፣ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ሙቀቱ እሳት ነው። ሱፐርቫይዘሩ በዚህ ሙቀት ረጅም እጅጌ ምን አስለበሰሽ አለኝ። ብርድ ብርድ ይለኛል አልኩት። አፈርኩ። ጠባሳ እንዴት ይነገራል?

ራሴን መጉዳት ካቆምኩ ሰነበትኩ። መጠጡንም። ሰውነቴ ግን አልሰማም፤ እጄ ማረፊያ አጥቷል፣ ጥፍሬን ስበላ እውላለሁ። ጓደኛዬ ሰብለ ሲያምርሽ ደውይ ብላኛለች። ዛሬ ደጋግሜ ደወልኩ። ሁሌም ታነሳለች፣ የተባረከች።

እሑድ ሞንትቤሎ ሰፈር፣ እትዬ ለተብርሃን ቤት፣ የሚካኤል ማኅበር አለ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ሄጄ አላውቅም። ጽዋው ሲዞር ሁሉም ጠላውን ይጎነጫል፤ ጽዋ አይመለስማ! ቆርቤአለሁ ልበል? በሚካኤል ፊት ልዋሽ? ብጎነጭስ? አንድ ጉንጭ እኔን የት እንደሚያደርሰኝ አውቀዋለሁ። አልሄድም። በቃ።

ጁን 19፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ሰብለ ለእትዬ ለተብርሃን ነግራቸዋለች! ስለ መጠጡ ብቻ ነው ትላለች። ማን አማከረሽ አልኳት። ጮህኩባት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

መኪናዬ እንደለመደባት ፒዮሪያ መንገድ፣ መጠጥ መሸጫው በር ድረስ ወሰደችኝ። ፓርክ አደረግኩ። ሞተር አላጠፋሁም። ሰብለ መልሳ ደወለች። ሰደብኳት። እሷ እቴ! ሽሮ እያማሰለች ነው፣ ልጇ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚመልስላት ታወራልኛለች። ስለ መጠጥ አንዲት ቃል የለም። ሽሮው አረረባት። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ወደ ቤቴ ነዳሁ። አሁንም ተናድጄባታለሁ። ያለሷ ግን ምን ይውጠኝ ነበር?

ጁን 22፣ እሑድ፣ ጠዋት

እሄዳለሁ። አልሄድም። ቀሚስ ቀየርኩ፣ እንደገና ቀየርኩ። ሁሉም ረጅም እጅጌ። ሰብለ ታች ሆና ክላክስ ታደርጋለች።

እሑድ፣ ማምሻውን

ሄድኩ፣ ደብተሬ!

ጸሎት ተደረገ። ጽዋው ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ አሸተትኩት። ማር! ብርዝ ነው፣ ያልፈላ የማር ውሃ። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም! የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ተስፋዬ፣ ሚካኤል የለመደው ጠላ ነው ብለው አጉረመረሙ። እትዬ ለተብርሃን ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? «ጠላ ያማረው ሚካኤልን ነው ወይስ እርስዎን?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላዩም። ጠጣሁ። እንባዬ መጣ።

ቀጣዩን ወር ጽዋውን ማን ተቀብሎ ይደግሳል ተባለ። ሁሉም የሥራ ሽፍት አለው። እጄ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፣ ማርያምን! እጅጌዬ እስከ ክርኔ ተንሸራተተ። ጠባሳዬ ሁሉ ታየ። ማውረድ ፈለግሁ። አላወረድኩም።

ቀድመው የተነሱት ጋሽ ተስፋዬ ናቸው። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አስታቀፉኝ፤ በሰላም ያድርሰን አሉ። ብርዝ ነው የማቀርበው አልኩ። ከሁሉም በፊት አሜን ያሉት እሳቸው ናቸው።

ጽዋው አሁን ቁም ሳጥኔ ላይ ነው። መጠጡ አሁንም ያምረኛል፣ አልዋሽሽም። ነገ ግን አጭር እጅጌ ለብሼ ሥራ እገባለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ብርዱስ ካለኝ፣ ሻል ብሎኛል እለዋለሁ።