ፊልሞቻቸውን ሁሉ ያቃጠሉት ቶምቦ፤ የአቶ ኦኩዴ ሳዳኪቺ የሕይወት ታሪክ

አቶ ኦኩዴ ሳዳኪቺ ከአባታቸው ከጣሪያ ሠሪው ከአቶ ኦኩዴ ቶኩዞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢኔ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኅዳር ወር 1901 ሚያዙ በምትባል የጃፓን የባሕር ጠረፍ ከተማ ተወለዱ። አገር የሚያውቃቸው ግን ቶምቦ፣ የውኃ ተርቡ፣ በሚለው የፊልም ስማቸው ነው። እኔ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ሚሳኦ ነኝ። ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ ታሪካቸውን እንድጽፍ ቤተ ዘመድ መርጦኛል። የሟች ታሪክ ሲነበብ «ደፋር፣ ቆራጥ፣ ጀግና» ማለት የተለመደ ነው። አጎቴ ግን ፈሪ ነበሩ። እኔም ይህን ሳነብላችሁ እየፈራሁ ነው፤ ምክንያቱን ስንደርስበት ትሰማላችሁ።

በልጅነታቸው ነጎድጓድ ይፈሩ ነበር፣ ውሻ ይፈሩ ነበር፣ ከሁሉም በላይ ከፍታ ይፈሩ ነበር። የጣሪያ ሠሪ ልጅ ከፍታ ፈርቶ የት ይደርሳል? አባታቸው ከላይ ሆነው «ውጣ እንጂ! ጣሪያው አይበላህም!» እያሉ ሲጮኹ፣ እሳቸው መሰላሉ ወገብ ላይ ተጣብቀው ይቀሩ ነበር። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እሳቸው ግን የሚሸሹባት እናት አልነበረቻቸውም። ወይዘሮ ኢኔ አባቴን ኢሳኩን በወለዱ በሳምንቱ ነው ያረፉት። አጎቴ ከስድስተኛ ክፍል ትምህርታቸውን አቁመው፣ ሕፃኑን ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው የጣሪያ ሸክላ ያቀብሉ ጀመር። ብዙ ጊዜ ወድቀዋል። የታዘለው ልጅ እንዳይጎዳ ሁልጊዜ በግንባራቸው መደፋትን ለመዱ። በኋላ አገር ያሳቀው አወዳደቅ ከዚያ የመጣ ነው።

ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ኪዮቶ መጡ። በከተማዋ ዳር የነበረ አንድ ስቱዲዮ ለሳሙራይ ፊልም ያቆመውን የውሸት ቤት ጣሪያ እንዲጠግኑ ቀጠራቸው። አንድ ቀን ቀረጻ እየተካሄደ ሳለ ከዚያ ጣሪያ ተንሸራተው በሁለት ባለ ሰይፎች መካከል በግንባራቸው ተደፉ። ዳይሬክተሩ ይቆጣሉ ሲባል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ማነህ አንተ? እስቲ ድገመው!» አሏቸው።

«ጌታዬ ይቅርብኝ፣ እፈራለሁ።»

«እሱን አይደል የምፈልገው! ፊትህን እንዳትቀይር!»

ከ1922 እስከ 1933 አርባ ያህል አጫጭር አስቂኝ ፊልሞች ሠሩ። ከድልድይ ተወረወሩ፣ ከባቡር ጣሪያ ተንጠለጠሉ፣ ኮርማ አባረራቸው። ሕዝቡ «ፍርሃትን እንዲህ የሚያስመስለው እንዴት አድርጎ ነው?» እያለ ያደንቃቸው ነበር። አላስመሰሉም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ያስመልሳቸው ነበር። አባቴን ለማስተማር ሲሉ ግን አፋቸውን ጠርገው ይነሡ ነበር።

የዚያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። በየአዳራሹ ከመጋረጃው አጠገብ ተራኪ ይቆምና የሁሉንም ቃል እሱ ይናገራል። ስለዚህ ተዋናዮች ካሜራ ፊት ያሻቸውን ያወሩ ነበር። አጎቴ በፍቅር ዓይን እያዩ «ዛሬ ምሳ ምንድን ነው?» ይሏታል ተዋናይቷን። «ያው ኑድል ነዋ፣ ያውም የቀዘቀዘ» ትላቸዋለች እንባዋን እየጠረገች። የአጎቴ የልብ ወዳጅ የነበረው ተራኪው ጌንጂሮ ይህን ወደ ስንብት ይለውጠውና በአዳራሹ ያለ ሴት ሁሉ መሐረብ ያወጣል። ከፊት ወንበር የሚቀመጡት መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ብቻ በሳቅ ይፈርሳሉ። ትምህርት ቤታቸው ከንፈር ማንበብ አስተምሯቸዋል። ጌንጂሮ ግን ይህን ስላላወቀ «ምን ነካቸው እነዚህ ልጆች? ሰው ሲያለቅስ ይስቃሉ!» እያለ ይበሳጭ ነበር። አጎቴም አላሰቡበትም። ካሜራ ጆሮ የለውም ብለው ተዝናኑ፤ ዓይን እንዳለው ዘነጉ።

አባቴ ኢሳኩ በ1932 ለውትድርና ተጠርተው ቻይና ውስጥ ወዳለችው ማንቹሪያ ዘመቱ። እኔ የተወለድኩት ከሄዱ በኋላ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች፣ የአባቴን አስከሬን አመድ የያዘች ሣጥን መጣች። እናቴ እኔን ለአጎቴ ሰጥታ ሌላ አገባች፤ አልፈርድባትም። በዚያው ሰሞን ስቱዲዮው ለሠራዊቱ ክብር አንድ ፊልም ያዘጋጅ ነበር። ግራና ቀኙን የማይለይ ምልምል ወታደር ብዙ ካሳቀ በኋላ፣ ሰንደቅ እያውለበለበ ባቡር ተሳፍሮ «ባንዛይ!»፣ ለዘላለም ይኑር፣ እያለ ይዘምታል። ምልምሉ አጎቴ ነበሩ። እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ ፈሩና ሠሩት። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሰንደቁን ከፍ አድርገው፣ ፈገግ ብለው፣ ካሜራውን ትክ ብለው እያዩ፣ ድምፅ ሳያወጡ «ወንድሜን መልሱልኝ፣ እናንተ ገዳዮች!» አሉ። ዳይሬክተሩ «ግሩም!» ብለው አጨበጨቡላቸው።

ፊልሙ ለሕዝብ ሲታይ ጌንጂሮ «ባንዛይ! እናት አገሬ ደኅና ሁኚ!» ብሎ ሲጮኽ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ተቀበለው። ከፊት ያሉት ተማሪዎች ግን አልሳቁም፤ እርስ በርስ ተያይተው አቀረቀሩ። ከኋላቸው መድፍ ጆሮውን የነሣው አንድ ጡረተኛ ወታደር ተቀምጦ ነበር። እሱም ከንፈር ማንበብ እየተለማመደ ነበር። በማግስቱ ፖሊስ አጎቴን ከማዕድ ላይ አንሥቶ ወሰዳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሳቸው እንኳ ከአፍ ሳይወጣ ነው አፋፍ ላይ ያደረሳቸው።

መርማሪው በአንድ ሰው ጥቆማ ብቻ ታዋቂ ሰው ማሰር ስላልፈለጉ፣ የከንፈር ንባብ መምህርት ከትምህርት ቤቱ አስጠሩ። ወይዘሪት ታኔ ይባላሉ፤ በልጅነታቸው በትኩሳት ታመው መስማት አቁመዋል። የጣቢያው መስኮት ተዘጋ፣ አንሶላ ተሰቀለ፣ ፊልሙ መዞር ጀመረ። አጎቴ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አንሶላው ላይ የራሳቸው ፊት አለ፤ አጠገባቸው ሕይወታቸውን በእጇ የያዘች የማያውቋት ሴት ቆማለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ነገር የታሰረ ሰው በደኅና እንደማይወጣ ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ገና ዳዴ የማልል ሕፃን ነኝ፤ ከእሳቸው በቀር የሚያሳድገኝ የለም።

«ምን ይላል?» አሉ መርማሪው።

ወይዘሪት ታኔ እንዲደገም ጠየቁ። ተደገመ። ከዚያ ከፍና ዝቅ በሚለው ድምፃቸው፣ «ባንዛይ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ፣ እናቴ አታልቅሺ፣ እመለሳለሁ ይላል» አሉ።

ለምስክርነት የተጠራው ያ ጠቋሚ ወታደር የወይዘሪት ታኔን ከንፈር ሲያነብ ቆይቶ ብድግ አለ። «ውሸቷን ነው! ገዳዮች ብሏል! በዓይኔ አይቻለሁ!»

መርማሪው ሁለቱንም ፊት ለፊታቸው አቁመው፣ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱና ምን እንዳሉ ጠየቁ። ወታደሩ «ጃፓን ለዘላለም ትኑር ብለዋል» አለ።

«የለም» አሉ ወይዘሪት ታኔ። «ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ርቦኛል፣ እነዚህን ሰዎች ማን ባሰናበተልኝ ነው ያሉት።»

የመርማሪው ፊት ቀላ። አጎቴ ተለቀቁ። አሳምረው የሚያነቡት ሴት ዋሽተው ታመኑ፤ በቅጡ የማያነበው ወታደር እውነቱን ተናግሮ ቀጣፊ ተባለ። አጎቴ ይህን ሰው እስኪሞቱ ድረስ ያዝኑለት ነበር።

ደጅ ላይ አጎቴ ወገባቸው እስኪቆረጥ ጎንበስ ብለው እጅ ሊነሡ ሲሉ ወይዘሪት ታኔ ተቆጧቸው።

«ቀና ይበሉ፣ ሰው ያየናል! የእርስዎን አንገት ያተረፍኩት የራሴን አስይዤ ነው። ስንት ቅጂ አለ?»

«እኔ እንጃ… ስድስት፣ ሰባት።»

«ታዲያ ይሰብስቧቸዋ! ከንፈር የማነበው እኔ ብቻ መሰልኩዎት? በሌሎቹ ፊልሞችስ ምን ምን ብለዋል?»

አጎቴ ለማስታወስ ሞከሩ። የአሥር ዓመት ወሬ ማን ያስታውሳል? ስለ ግብር፣ ስለ ጄኔራሎቹ፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈረስ ሳይቀር አውርተዋል። የቱን በየትኛው ፊልም እንዳሉት ግን አያውቁትም።

ስለዚህ ሁሉንም ሊያጠፉ ተነሡ። ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ የአዳራሽ ባለቤቶችን ሳኬ እያጠጡና እያሳቁ፣ ጥቅልሎቹን «ለማስታወሻ» እያሉ ሰበሰቡ። ሌላ ሰው ሥራው ተጠብቆ እንዲቆይለት ይለምናል። እሳቸው በጓሯችን ሥራቸውን አንድ በአንድ ለኮሱት። የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ባሩድ ስለሚያያዝ አንዴ ቅንድባቸውን ወስዶታል። ወይዘሪት ታኔም መቃጠሉን በዓይናቸው ለማየት ይመጡ ነበር፤ ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እንዲህ እየተገናኙ በ1934 ተጋቡ። ጌንጂሮ በሠርጉ ላይ «ፍቅር ያጋባቸውን አይቻለሁ፣ ቤተሰብ ያጋባቸውን አይቻለሁ፤ እነዚህን ግን ያጋባቸው ድንጋጤ ይመስለኛል» ብሎ ቀለደ። ምን ያህል እንደቀረበ አላወቀም። ልጅ አልወለዱም። ልጃቸው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቅጂ ግን አልተገኘም። ያንኑ የባቡሩን ፊልም ይዞ በሰሜን መንደሮች ሲያሳይ የነበረ አንድ ሰው ደብዛው ጠፋ።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አጎቴ እንደ ገላጋይ ተቀብለውት ሥራውን ተዉ። ከፍታ እየፈሩ ወደ ጣሪያ ሥራቸው ተመለሱ፤ በዚህ ሙያ እስከ ስድሳ አምስት ዓመታቸው ቤተሰብ አስተዳደሩ። በቤታችን ድምፅ ብዙ አይሰማም ነበር። መስኮት ዘግተን በከንፈር እናወራለን። እኔ አፌን ሳልፈታ ከንፈር አንብቤያለሁ። በር ሲንኳኳ አጎቴ ክው ብለው ይቀራሉ፤ አክስቴ ታኔ መንኳኳቱን የሚያውቁት በእሳቸው ፊት ነበርና ሮጠው እኔን ያቅፉኛል። ምን እንደምንፈራ እስኪነግሩኝ ድረስ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። ጦርነቱ በ1945 አብቅቶ የዚያ ዘመን ፖሊስ ሲበተንም ፍርሃቱ ከቤታችን አልወጣም። በ1960ዎቹ የፊልም ታሪክ የሚያጠኑ አንድ ፕሮፌሰር መጥተው «ያ ሁሉ ፊልምዎ የት ገባ?» ቢሏቸው፣ «እሳት በላው» አሉ። ውሸት አይደለም። ፕሮፌሰሩ አለቀሱ። አጎቴ ሻይ እየቀዱ አባበሏቸው፤ እንግዳው እስኪሄዱ ድረስ ግን ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ነበር።

ባለፈው መስከረም ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። በጥር ወር አንዲት አሮጊት ከሰሜን አገር በባቡር መጡ። የዚያ ዟሪ ፊልም አሳዪ ሚስት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ በጎተራው ያገኙትን ጥቅልል በጨርቅ ቋጥረው፣ የታመመውን ቶምቦ ደስ ሊያሰኙ ነው ይዘው የመጡት። አጎቴ የፊልሙን ቆርቆሮ ሲያዩ አልጋው ላይ ወደ ግድግዳው ሸሹ።

«አጎቴ፣ ጦርነቱ ካበቃ ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው እኮ። ከእንግዲህ ማን ያስርዎታል?» አልኳቸው።

«ለእኔ መሰለሽ እንዴ? በመንግሥት ፊት የዋሸችው ታኔ ናት! የሬሳ ሣጥኔ ውስጥ ክተቺልኝ። ሬሳዬ ሲቃጠል አብሮኝ ይቃጠል።»

«እሺ በዪኝ» ቢሉኝ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። አክስቴ የሁለታችንንም ከንፈር ያነብቡ ነበር። አጎቴ ይህንኑ እየደጋገሙ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው መጋቢት 9 ቀን 1975 አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ታኔን፣ እኔንና እንደ አያት ያሳደጓቸውን ሁለት ልጆቼን ትተው ሄደዋል።

ከትናንት በስቲያ ሬሳቸው ሣጥን ሲገባ፣ እንደ ልማዳችን የሚወዱትን ነገር አብረን እንከት ነበር። ያረጀ ባርኔጣቸውን ከተትን፣ የሚወዱትን የባቄላ ጣፋጭ ከተትን። ከዚያ ጥቅልሉን ይዤ ቆምኩ። የሟች አደራ መብላት ያስፈራል፤ አደራውን መፈጸምም አስፈራኝ። አባቴን «መልሱልኝ» ብሎ የጠየቀ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ የጠየቁበትም ማስረጃ በእጄ ያለው ብቻ ነው። አክስቴ መጥተው ከእጄ ወሰዱት።

«አርባ ዓመት ከእሱ ጋር ፈራሁ» አሉኝ። «ብቻዬን ግን አልፈራም።»

ስለዚህ ፊልሙ ሣጥኑ ውስጥ የለም። ይህ ንባብ ሲያበቃ እዚሁ አንሶላ ይሰቀላል። ተራኪ አልቀጠርንም። ከመጋረጃው አጠገብ የሚቆሙት አክስቴ ናቸው፤ ያን ቀን በጣቢያው የዋሹትን ዛሬ በራሳቸው ድምፅ በትክክል ያነቡታል። በድምፃቸው ስለሚያፍሩ ከቤት ውጭ ሲናገሩ ሰምታችኋቸው አታውቁም። በአጎቴ ፊት ግን እንደ ልባችሁ ሳቁ፤ የሚያስቅ ፊት ነው። እኔ አሁንም በሩን በሩን አያለሁ። አክስቴ ግን ተነሥተዋል።

አሚዳ ቡድሃ የአጎቴን ነፍስ ምንም በማያስደነግጥበት አገር ይቀበልልን፤ ከወንድማቸውም ያገናኝልን። እኛንም ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ልብ ይስጠን።